አማቴ በገቡ ቁጥር

የታመመ ሰው መተኛት መብቱ ነው ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። ደብረ ብርሃን ሳድግ ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር እናቴ ሦስት ጋቢ ደራርባብኝ "እንዳትንቀሳቀስ" ብላ ነበር የምትወጣው። ካደግሁ በኋላም ሕመምተኛ ልጠይቅ ስሄድ ገና ከበሩ "ኧረ አይነሱ፣ በሞቴ አይነሱ" ሳልል ገብቼ አላውቅም። ስለዚህ እዚህ መቐለ፣ በአንድ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ፣ አፌ ውስጥ ቱቦ ተሰክቶ፣ ማሽን እየተነፈሰልኝ፣ ከዘጠኝ ቀን እንቅልፍ በኋላ ዓይኔን ስገልጥ አንዲት አጭር ልጅ ከግርጌዬ ቆማ "እንኳን ነቁ መምህር፤ ዛሬ ቁጭ እንላለን" ስትለኝ ደሜ ፈላ።

ያመመኝ የሳንባ ምች ነው። ቀላል ሳል ነው ብዬ ሁለት ሳምንት ክፍል እየገባሁ ሳስተምርበት ሰነበትኩ፤ አንድ ቀን ሰሌዳው ፊት ትንፋሽ አጠረኝ፣ የቀረውን አላስታውስም። ቱቦው ድምፄን ስለዘጋው ደብተርና እስክሪብቶ ሰጡኝ። መጀመሪያ የጻፍኩት "ማን ነሽ?" የሚል ነበር። "ፊዚዮቴራፒስት ነኝ" አለችኝ። ቀጥዬ "ሂጂ" ብዬ ጻፍኩ። ሳቀችና ገጹን ቀድዳ ገዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

አልሄደችም። ከአንድ ነርስ ጋር ሆና ግራና ቀኝ ይዘው አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጡኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የስበት ማዕከል የሚባለውን ነገር ለስንት ሺ ተማሪ ሰሌዳ ላይ ስዬ አሳይቻለሁ። የዚያን ቀን ግን የገዛ ጭንቅላቴን ማቆም አቃተኝ። ወደ ግራ ዘመመ፣ አቃኑት፤ ወደ ቀኝ ዘመመ፣ አቃኑት። ከኋላ ሆኖ የደገፈኝ ነርስ የድሮ ተማሪዬ ነው፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ጥዬዋለሁ። እሱም አልረሳውም። "አይዞዎት መምህር፣ እኔ አልጥልዎትም" አለኝ።

ልጅቷ ከፊቴ በርከክ ብላ ዓይን ዓይኔን እያየች አስረዳችኝ። "መምህር፣ ጡንቻ ተኝቶ ሲውል ይሟሽሻል። እግርዎ ካልሠራ ደረትዎም አይበረታም፤ ደረትዎ ካልበረታ ማሽኑ አይለቅዎትም። ቢለቅዎት እንኳ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚወጡት። ቤትዎ የት ነው?"

"ሓድነት። ኮንዶሚኒየም። ሦስተኛ ፎቅ" ብዬ ጻፍኩ።

"ሊፍት አለው?"

ዓይኔን ጨፈንኩ። እንኳን ሊፍት ሊኖረው የደረጃው አምፖል ከተቃጠለ ቆይቷል። ደረጃው ሃምሳ አራት ነው፤ የጋዝ ሲሊንደር ተሸክሜ ስወጣ ስለምቆጥረው አውቀዋለሁ። በወንበር ከሆነ የምሄደው ከዚያ ቤት ከወጣሁ መግባት፣ ከገባሁ መውጣት እንደሌለ ገባኝ። ክፍል ውስጥ ቆሜ ማስተማሬም እዚያው ላይ ያበቃል።

ገብቶኝም እምቢ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። ቀና ባልኩ ቁጥር ትንፋሼ ይቆራረጣል፣ ማሽኑ ይጮኻል፣ እኔም በቃ አለቀልኝ እላለሁ። ስፈራም ስቆጣም ፊቴ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሁሉም የተቆጣሁ ይመስላቸዋል፤ ለይታ የምታውቀው ባለቤቴ ብቻ ናት። ሦስት ቀን ሙሉ ልጅቷ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ይነሱ!" ስትል እንደ እርጥብ ጋቢ ተዝለፍልፌ እቀራለሁ። ከዚያ ደብተሩን እቀበልና "ነገ" ብዬ እጽፋለሁ። እሷም ወረቀቱን ቀድዳ ኪሷ ትከተዋለች። በሦስተኛው ቀን ኪሷ አብጦ አየሁት።

በአራተኛው ቀን አማቴ መጡ።

እስከዚያ ድረስ የሚያስገቡት ባለቤቴን ብቻ ነበር። እሷ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በልብስ ስፌት ላይ ተቆጣጣሪ ስለሆነች ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት አትወጣም። ስነቃ ጠዋትም አንድ ሰው እንዲጠይቀኝ ተፈቀደና ተራው ለእናቷ ደረሰ። አማቴ የሚኖሩት እዚያው ሓድነት ነው፣ ከእኛ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ግን እኛ ቤት ወጥተው አያውቁም። ኮንዶሚኒየሙ ከደረሰን ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ ሰባቱንም ዓመት "እኔ የርግብ ቤት አልወጣም" እንዳሉ ናቸው። እሑድ እሑድ የምንሄደው እኛ ነን።

በሄድኩ ጊዜ ደግሞ እነሳለሁ። አባቴ ቤት ትልቅ ሰው ሲገባ ቤቱ በሙሉ "ኖር!" ብሎ ብድግ ይላል፤ የገባው ሰው "በግዜር!" ሳይል የሚቀመጥ የለም። እኔ በዚህ ተቆንጥጬ ነው ያደግሁት። ልጃቸውን እንዳገባሁ መጀመሪያ ቤታቸው የሄድን ቀን አማቴ ሳህን ይዘው ገቡ፣ ተነሳሁ። "ኣይትተንስእ ወደይ" አሉኝ፤ አትነሳ ልጄ ማለታቸው ነው። ተቀመጥኩ። ውሃ ይዘው ገቡ፣ ተነሳሁ። "ኣይትተንስእ!" ጨው ረስተው ተመለሱ፣ ተነሳሁ። ዘመዶቻቸው ሳቃቸውን ለመደበቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት አልፏል፤ እኔ ሳልነሳ፣ እሳቸውም አትነሳ ሳይሉኝ የቀሩበት ቀን የለም። ልማድ ብቻም አይደለም። በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ስልኩም ባንኩም ተዘግቶ ከወገኖቼ ተቆራርጬ በቀረሁ ጊዜ፣ ከነበረቻቸው ምስር ግማሹን እየከፈሉ ወደ እኛ የላኩት እሳቸው ናቸው። እኔ እኚህን ሴት ቁጭ ብዬ ልቀበላቸው አልችልም። በቃ፣ አልችልም።

ያን ቀን ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ተደግፌ "ነገ" እየጻፍኩ ሳለ መጋረጃው ተገለጠ። ነጠላቸው ላይ ሰማያዊ ገዋን ደርበው፣ ጫማቸው ላይ የላስቲክ ሽፋን አጥልቀው፣ ብብታቸው ሥር የጸበል ጠርሙስ ደብቀው አማቴ ገቡ። ገላዬ እኔን አላማከረኝም። እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ፣ መቀመጫዬ ፍራሹን ለቀቀ፣ ቆምኩ።

ማሽኑ ጮኸ። ነርሱ ጮኸ። ከሁሉም በላይ አማቴ ጮኹ። "ኣይትተንስእ! እዋይ! ኣይትተንስእ ወደይ! ምን አድርጋችሁት ነው?"

ማሽኑ አራት ጊዜ እስኪተነፍስልኝ ያህል ቆየሁና ዘፍ አልኩ። ሥራ ማለት ኃይል ሲባዛ በርቀት ነው እያልኩ ስንቱን ልጅ አስጨንቄያለሁ፤ ያን ቀን አንድ ክንድ የማይሞላ ከፍታ ተነስቼ ሲሊንደር ተሸክሜ ከምወጣው በላይ ላበኝ። ልጅቷ አፏን ከፍታ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ታያለች። "ማን ናቸው?" ብላ ነርሱን ጠየቀችው። "አማቱ ናቸው" አላት። አማቴን ስታያቸው ጠፍቶ የከረመ መድኃኒት ድንገት ፋርማሲ ውስጥ ያገኘ ሰው ትመስል ነበር።

አማቴ ግን ወዲያው ጠብ ጀመሩ። ኮሪደሩ ላይ በትግርኛ የሚናገሩት ሁሉ እስከ አልጋዬ ይሰማል። "አልጋው ተፈልጎ ነው፣ አውቄዋለሁ! ሌላ ሰው ልታስተኙበት ልጄን በግድ አቁማችሁ ልታስወጡት ነው! ከመቼ ወዲህ ነው ሕሙም የሚቆመው? እህል ሳይቀምስ!" ልጅቷ በቱቦ እንደምመገብ ነገረቻቸው። "በቱቦ በልቶ የቆመ ሰው አሳዪኝ!" አሉ። በማግስቱ ጠዋትም ኮሪደሩ ላይ ቆመው ማንም እንዳይነካኝ ዘብ ሆኑ። ያን ጊዜ ልጅቷ መንገድ ቀየረች።

"ኣደይ" አለቻቸው፤ እናቴ ማለቷ ነው። "ጉልበትዎ የሚብስብዎት መቼ ነው?"

"ጠዋት ነው። ከአልጋ ስወርድ።"

"ትንሽ ከተራመዱ በኋላስ?"

"እሱማ ይሻለኛል።"

"ለምን ይመስልዎታል?"

"ተኝቶ ስላደረ ነዋ! ጉልበት ተኝቶ ካደረ..." ብለው ጀመሩና አቋረጡት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ታድያ በቀን ስንት ጊዜ ልግባ?" ሲሉ ሰማኋቸው።

እንዲህ ሆኖ አማቴ መድኃኒቴ ሆኑ። ጠዋት ጠዋት የሚያስተኛኝ መድኃኒት ይቀነስልኛል፣ ነርሱ ቱቦውን ይይዛል፣ ልጅቷ ወገቤን ትይዛለች። ወገብ ላይ ታስሮ የሚያዝ ቀበቶ ስላልነበራት አማቴ መቀነታቸውን ከገዛ ወገባቸው ፈትተው ሰጧት። በፊት ቢሆን ሁለት ጊዜ የማይዞረኝ መቀነት፣ ከስቼ ሁለት ጊዜ ዞሮኝ ተረፈ። ከዚያ ልጅቷ "ይግቡ!" ትላለች፤ አማቴ ይገባሉ፤ እኔ እነሳለሁ፤ እሳቸው "ኣይትተንስእ!" ይላሉ፤ እቀመጣለሁ። "ይውጡ!" እያነከሱ ይወጣሉ። "ይግቡ!"

"ኣደይ፣ እባክዎ አትነሳ አይበሉት" ብላ ለመነቻቸው።

"እንዴት ልጄ? ሰው ተነስቶልኝ ዝም ልበል? እኔ ባለጌ ነኝ?"

"እንዲነሳ አይደል እንዴ የምንፈልገው?"

"እሱ ይነሳ። እኔ ደግሞ አትነሳ እላለሁ።"

ክርክሩ እዚህ ላይ አበቃ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ ተነሳሁ፣ በሁለተኛው ሦስት፣ ከዚያ አምስት። ነርሱ መዝገቤ ላይ "አማት ገቡ፣ አምስት ጊዜ" ብሎ መጻፉን በኋላ አይቻለሁ። አጠገቤ የተኙት አዛውንት እንኳ እኔን እያዩ ሲሰነብቱ አማቴ በገቡ ቁጥር ከብርድ ልብሱ ሥር አንድ እጃቸውን ማንሳት ጀመሩ። አማቴም ዞር ብለው እሳቸውን ለብቻ አይነሱ ይሏቸዋል። አዛውንቱ ደስ ሲላቸው ከዓይናቸው ያስታውቃል።

እንዲህ እያልን ስድስተኛው ቀን ላይ ስንደርስ፣ በአምስተኛው ዙር ጉልበቴ ከዳኝ። መቀነቱ ባይኖር በግንባሬ ነበር የምደፋው፤ በእሱ ተንጠልጥዬ ቀስ ብዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ምንም አልሆንኩም፣ ቱቦውም አልተነቀለም። አማቴ ያዩት ግን ልጄ የሚሉት ሰው መሬት ላይ ወድቆ ማሽኑ ሲያንባርቅበት ነው። ጸበሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ።

በማግስቱ አልመጡም። በሚቀጥለውም ቀን አልመጡም። ልጅቷ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ቆጠረች፣ አልተነሳሁም። ዋናው ሐኪም ራሳቸው ገቡ፣ እግሬ አላወቃቸውም። ነርሱ እኔን ለማታለል ከአንዷ ጠያቂ ነጠላ ተውሶ፣ ተከናንቦ፣ እያነከሰ በመጋረጃው ብቅ አለ፤ ጢሙን አየሁት። የዚህን ጊዜ እንደ በፊቱ እየለገምኩ አልነበረም። ጥርሴን ነክሼ ሞከርኩ፤ ጭኔ የሌላ ሰው ጭን ሆነብኝ። ልጅቷን ፈገግታ ርቋት ያየኋት ያን ቀን ነው። "መምህር፣ በእርስዎ ሁኔታ ሁለት ቀን ብዙ ነው" አለችኝ። ሃምሳ አራቱ ደረጃ ከነጨለማው ታየኝ።

አመሻሹ ላይ ባለቤቴ ከሥራ ስትመጣ እናቷ "በእጄ ገደልኩት" ብለው ቤታቸውን ዘግተው መቀመጣቸውን ነገረችኝ። ደብተሩን ተቀብዬ ጻፍኩ። "ኣደይ፣ አልሞትኩም። እርስዎ ከቀሩ ወዲህ ለማንም አልተነሳሁም። መቀመጥ ሰልችቶኛል።" ባለቤቴ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና በቀጥታ ወደ እናቷ ቤት ሄደች።

በነጋታው ጠዋት ከመጋረጃው ሥር የላስቲክ ሽፋን ያጠለቁ ሁለት እግሮች አየሁ። ቀኙ ያነክሳል። ይመጣሉ፣ ይመለሳሉ፤ ይመጣሉ፣ ይመለሳሉ፤ አይገቡም። ልጅቷ "ይግቡ" ልትል አፏን ስትከፍት በእጄ ዝም አሰኘኋት። እግራቸውን ማየቴ በቂ ነበር። ተነሳሁ። "ቆመ!" አለ ነርሱ። መጋረጃው ተገለጠ። "ኣይትተንስእ!" አሉ አማቴ፤ ብለውም አለቀሱ። እሳቸው እያለቀሱ፣ እኔ መቀነቱን ታጥቄ፣ ባለሁበት ቦታ አሥራ ሁለት እርምጃ ረገጥኩ።

ከአምስት ቀን በኋላ ማሽኑ ለቀቀኝና ቱቦው ወጣ። ልጅቷ የመጀመሪያ ቃሌ "ነገ" ይሆናል ብላ፣ ነርሱ ደግሞ ስድብ ይሆናል ብሎ ተወራርደው ነበር፤ እኔ ያልኩት "ውሃ" ነው፣ ሁለቱም ተበሉ። ወደ ተራ ክፍል ስዛወር ከልጅቷ የምገላገል መስሎኝ ነበር። ተከትላኝ መጣች። በሆስፒታሉ ጓሮ አራት ደረጃ ያለው መውጫ አግኝታ በየቀኑ ታስወጣኝና ታስወርደኝ ጀመር። ሃምሳ አራት ለመድረስ አሥራ ሦስት ጊዜ ተኩል መውጣት እንዳለብኝ አስልቼ ነገርኳት። "ግማሿን ቤትዎ ይጨርሷታል" አለችኝ። ደግሞ አስጠነቀቀችኝ። "መጀመሪያ ቀን ተሸክመው ካወጡዎት፣ ሁልጊዜም ይሸከሙዎታል። ሰው እኮ ደግ ነው።" ስወጣ "ነገ" የሚሉትን ወረቀቶቼን ሁሉ በፖስታ አሽጋ ሰጠችኝ።

ቤት የገባሁ ቀን ባጃጁ በራችን ድረስ አደረሰን። ባለቤቴ መቀነቱን ወገቤ ላይ አሰረችልኝና ጫፉን ያዘች። አንደኛ ፎቅ ደረስኩ፣ ግድግዳ ተደግፌ አረፍኩ። ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ ትንፋሼ አለቀ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። የቀረኝ አሥራ ስምንት ነው።

ጎረቤት ሁሉ ከየበሩ ወጣ። "ኧረ እንዳይነሱ መምህር!" "ወንበር አምጡ፣ እንሸከማቸው!" ወዲያው ነጭ የፕላስቲክ ወንበር መጣ፤ ሁለት ጎረምሶች እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ልጅቷ ያለችውን አልረሳሁም። ግን ያን ወንበር ወደድኩት። በሕይወቴ ሁሉ እንደዚያ ወንበር ያማረኝ ነገር የለም። እጄን ዘርግቼ መደገፊያውን ያዝኩ።

"ቀና በል እስቲ" አለችኝ ባለቤቴ።

ሦስተኛ ፎቅ፣ ደረጃው ጫፍ ላይ፣ አማቴ በሁለት እጃቸው ብረቱን ይዘው ቆመዋል። ጠዋት በአንድ ሰዓት ጀምረው፣ በየፎቁ ጎረቤት ቤት እየተቀመጡ፣ ውሃ እየጠጡ፣ አምስት ሰዓት ሲሆን እንደደረሱ በኋላ ነው የሰማሁት። ከእኔ ባላነሰ ያለከልካሉ። ሰባት ዓመት ያልወጡት የርግብ ቤት በራፍ ላይ ናቸው።

አትነሳ እስኪሉኝ ጠበቅኩ። በሃያ ዓመት ውስጥ ሳይሉኝ ቀርተው አያውቁም፤ ያን ቀን ቢሉኝ ደግሞ እታዘዛቸው ነበር። አማቴ ወንበሩን አዩ፣ ጎረምሶቹን አዩ፣ እኔን አዩኝ።

"ተንስእ፣ ወደይ" አሉኝ።

ተነሳሁ። "ኖር!" አልኩ። ድምፄ ገና ሻካራ ነበር፣ ግን ወጣ። እሳቸው መልስ አልሰጡኝም፤ ብረቱን እንደያዙ ጠበቁኝ። አሥራ ስምንቱን ደረጃ ስወጣ ስንት ጊዜ እንዳረፍኩ አላስታውስም፤ ባረፍኩ ቁጥር ግን ቆሜ ነው ያረፍኩት። አናቱ ላይ ስደርስ ወደ ታች ዞሬ "ያን ወንበር አምጡት" አልኩ።

ጎረምሶቹ እየሮጡ አመጡና ለእኔ መስሏቸው ከኋላዬ አስጠጉት። ሳብ አድርጌ ወደ አማቴ ገፋሁት። "በግዜር" አሉና ተቀመጡ። እኔ አጠገባቸው ቆምኩ።